ከአይሻ የመጡት አሥራ ሁለት ጠርሙሶች

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ቀለበት ሊያስር ነው ተብሎ አዳማ ላይ ሽር ጉድ ሲባል፣ ሙሽሪት እጄን ይዛ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ወሰደችኝ። ሰላም ትባላለች፤ ሳቂታ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እርስዎ ሻምፓኝ መምረጥ ያውቃሉ ብለውኛል» አለችና ከመደርደሪያው ፊት አቆመችኝ። ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ነው፤ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ወረቀት የተጠመጠመበት፣ ቀይ ሪባን የታሰረለት። ዓይኔ ሳላዘው ታች ጥግ ላይ ወደቆመ አንድ ጠርሙስ ሄደ። እጄ ግን አልተነሣም። «ልጄ፣ ደስ ያለሽን አንሺ። እኔ መምረጥ ትቻለሁ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ለምን እንደተውኩ እዚያ ቆሜ ልነግራት አልችልም ነበር። አሁን ግን ማወቅ የሚገባት ሰው ስላወቀች፣ ከሥሩ ብጽፈው ይሻላል።

ጅግጅጋ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ አንድ ሆቴል ባንኮኒ ላይ እሠራ ነበር። ባለቤቱን ሙሴ ኮስታ እንለዋለን፤ ሽማግሌ ግሪክ፣ ቁጡ፣ በጠርሙስ ነገር ግን የማይሸወድ ሰው። ጠርሙስ መምረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። በሁለት እጅሽ ያዢው፣ ከበድ ካላለ ተዪው ይለኛል። ቂጡን ዳሺው፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ካላለ ተዪው። ወደ ብርሃን አንሥተሽ አንገቱን እዪ፤ ከቡሹ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ከበዛ ተንፍሷል፣ ለጠላትሽ ስጪው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ የመጣ ጠርሙስ ሦስት ቀን ሳይተኛ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ግማሹ አረፋ ሆኖ መሬት ይጠጣዋል። ይህን እውቀቴንና ሁለት ሻንጣ ይዤ ካራማራን ተሻገርኩና ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ግሮሰሪ ከፈትኩ። ያኔ ጅግጅጋ ነፋስና አቧራ ነበረች። ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል። ሴቶቹ ነፋሱ የሚያውለበልበው ስስ ቀሚስ ለብሰው፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ ሆነው ሲያልፉ መንገዱ ይደምቃል። የካሴት ሱቆቹ አንዱ የሱማሌ ዘፈን፣ ሌላው የአዲስ አበባ ዘፈን ከፍተው እኩል ይጮኻሉ፤ በመሐል ቆሞ ሁለቱንም መስማት የለመደ ጆሮ ነበረን። አንድ ብርጭቆ የግመል ወተት በሳንቲም፣ አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ በአንድ ወጠጤ ዋጋ። ለአገሬው ቡሹ ጧ ብሎ የሚወጣ ሁሉ ሻምፓኝ ነው፤ ይኼኛው የጣሊያን ስፑማንቴ ነው፣ ይኼኛው የፈረንሳይ ነው፣ ይኼ ጣፋጭ ነው፣ ይኼ ደረቅ ነው እያልኩ የማስረዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። ክርስትናም፣ ሠርግም፣ ምርቃትም ያለ ጽጌ ምርጫ አይሆንም ተባለ። ኮራሁ። የኩራቴን ነገር ቆየት ብዬ እናገራለሁ።

ሁለት ወዳጆች ነበሩኝ። አንዱ ተሾመ ነው፣ ከወልቂጤ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ሱማሌኛን ከአገሬው እኩል የሚናገር፣ ደንበኛ እያሳቀ የሚሸጥ፣ አንድ ዓይነት ቡኒ ቴትሮን ሱሪ ለሃያ ዓመት የለበሰ ሰው። ሌላው ፋራህ ነው፣ የከተማው ተወላጅ፤ በድንበር ከተማዋ በሐርተሼክ በኩል ሬዲዮ፣ ምንጣፍ፣ ሽቶ የሚያስመጣ ነጋዴ። ፋራህ አጥባቂ ሙስሊም ስለሆነ መጠጥ ቤት አይገባም። ታዲያ ደጃፌ ላይ የራሱ ወንበር ነበረችው። ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ከደፉ ወዲያ አድርጎ፣ የራሱን ሻሂ ከማዶ አስመጥቶ ከእኛ ጋር ይጫወታል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እግሩ ያችን ደፍ አልፎ አያውቅም።

ግብዣ ሲኖረን የራሳችን ሥርዓት ነበረን። እኔ በአይሻ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣውን እመርጣለሁ። ፋራህ ደግሞ በሐርተሼክ በኩል ከዓረብ አገር የሚመጣ፣ አልኮል የሌለው፣ አረፋ ያለው የወይን ጭማቂ ያመጣል፤ እሱም ቡሽ አለው፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ወረቀት አለው፣ እሱም ጧ ይላል። ተሾመ የእኛን ጠርሙስ ይይዛል፣ ፋራህ የራሱን ይይዛል፣ እኔ አንድ ሁለት ሦስት እላለሁ፣ ሁለቱ ቡሽ እኩል ይወጣል። አንድ ድምፅ ካልሆነ ይደገማል። የተሾመ የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድ አራት ጊዜ ደግመን የቤቱ ጣሪያ በቡሹ ሰርጉዷል። ተሾመ አንድም ቀን ያለ ፋራህ ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። ይህን አንባቢዬ ያዝልኝ።

ዓመቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። አስፋልት ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ባጃጁ በዛ፣ የጋሪ አህዮቹ ጠፉ። የካሴት ሱቆቹ ስልክ ጠጋኝ ሆኑ። ሻምፓኙ ከአንድ ወጠጤ ወደ ሦስት በግ ወጣ። የተሾመ ፀጉር ሸበተ፣ ሚስቱ ብርቄ ወፈረች፣ እኔ መነጽር አደረግሁ። በመጨረሻ ተሾመ የዕድሜውን ልፋት አፍስሶ ፎቅ ሠራ፤ ታች ሱቅና መጋዘን፣ ላይ ሰፊ ሳሎን ከነሰገነቱ። ምርቃቱ ፍልሰታ ጾም ሳይገባ፣ በሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ይሁን ተባለ። «ጽጌዬ፣ የዛሬው እንደ ሌላ ጊዜ አይደለም። ራስሽ ሄደሽ ምረጪ» አለኝ።

ሄድኩ። አይሻ በዚያ ወር ምድጃ ናት። አንድ የማውቀው ነጋዴ መጋዘኑን ከፍቶ ካርቶን በካርቶን ላይ አወረደልኝ። ጣፋጩን የጣሊያን ቀመስኩ፤ ሰው ይወደዋል፣ ዋጋውም ይሻላል። ሐምራዊ የሚመስል አዲስ ነገርም ነበረው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው ያማረ። ልወጣ ስል ከጥግ አቧራ የለበሰ ካርቶን አየሁ። ጠርሙሱን አነሣሁት፣ ከበድ አለኝ። ቂጡን ዳሰስኩ፣ አውራ ጣቴ ገባ። ወደ በሩ ብርሃን አቀረብኩት፣ ሙሉ ነው። ደረቅ፣ የፈረንሳይ፣ ዋናው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ጅግጅጋ ገብቶ አያውቅም፤ እኔም ከሙሴ ኮስታ ቤት ወዲህ በእጄ አልያዝኩም ነበር። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ጫንኩና በድሬዳዋ አድርጌ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ፣ ሐረርን፣ ባቢሌን አልፌ ማክሰኞ ጅግጅጋ ገባሁ። አንድም አልተሰነጠቀም። ግሮሰሪዬ ጓዳ ውስጥ ጨለማ ላይ አስተኛኋቸው። እስከ ቅዳሜ ተኝተው ይነሣሉ።

ያን ሳምንት ከተማው ልክ አልነበረም። ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያኔ መናገር አልችልም ነበር፤ አሁን ነው አንድ በአንድ የሚመጣልኝ። ከፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ዕቃው እየሳሳ ነው፤ የተሸጠውን አይተካም። ጫት ሻጮቹ ገና በዘጠኝ ሰዓት ጠቅልለው ይሄዳሉ። አንድ ደንበኛዬ የነበረ መምህር ልጆቹን ደገሀቡር ወደ አያታቸው ሰደደ፤ ለምን ስለው «ለአየር ለውጥ» አለኝ፣ በደገሀቡር ሙቀት። ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ዋጋው ጨመረ። ሰላምታ አጠረ። በየቀኑ ቆሞ ስለ ንግዴ፣ ስለ ወገቤ የሚጠይቀኝ ሰው እጁን ብቻ አንሥቶ ያልፋል። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ጓዳው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ገብቼ ጠርሙሶቼን አያለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ፋራህ መጣ። ወንበሩን አልፎ፣ ደፉን አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ባንኮኒው ጋ ደረሰ። ደነገጥኩ፤ ሳቅም መጣብኝ።

«ፋራህ! ዛሬ ምን ገባህ? ወንበርህ እኮ ውጭ ነው» አልኩት።

«አባዮ ጽጌ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ» አለ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። «ድግሱን ድሬዳዋ አድርጉት። አዳራሹን እኔ እከፍላለሁ፣ መኪናም አመጣለሁ። ነገ ጠዋት ውጡ፤ ልጆቹንም፣ ብርቄንም፣ ሁላችሁም።»

«ለምን?»

«ለምን አትበይኝ። የሰማሁትን እኔ ራሴ አላመንኩትም። ወላሂ፣ ውሸት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ትስቁብኛላችሁ፣ እኔም እስቃለሁ። ለተሾመ አንቺ ንገሪው። የሱ ሱቅ ሰው አይጠፋውም፣ እኔ ስነግረው ያዩኛል። ከተሾመ በቀር ግን ስሜን ለማንም እንዳትጠሪ። እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

ላቡን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ወጣ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። በደፉ ላይ የጫማው አቧራ ቀርቶ ነበር፤ መጥረጊያ አንሥቼ ጠረግሁት።

ከሰዓት ተሾመ ጠርሙሶቹን ሊያይ ሲመጣ ነገርኩት። ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። በኋላ «ፋራህ እንዲህ ካለ ዝም ብሎ አይልም» አለ። ደግሞ «ፎቁን ጥዬ ፎቅ ላስመርቅ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። ግማሹ ተጋባዥ ከድሬዳዋ የሚመጣ ነው፣ እነሱን መመለስ ቀላል ነው፤ በጎቹም መኪና ላይ ይወጣሉ። ለመሄድም ለመቅረትም አንድ ምክንያት ፈልጎ እንደቆመ ገብቶኛል። ከዚያ ጓዳውን አየና ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ ጠርሙሶቹ መንገዱን ይችሉታል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። ይችሉታል፤ ድግሱን እስከ ሰኞ ብናቆየው ድሬዳዋም ሦስት ቀን ተኝተው ይነሡ ነበር። ድሬዳዋ ሻምፓኝ የሚያውቅ ሞልቷል። የባቡር ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያ ጠርሙስ ሲከፈት አንዱ «ጥሩ ነው» ብሎ ይጠጣል፣ አለቀ። ጅግጅጋ ላይ ግን፣ በዚያ ፎቅ ላይ፣ የባለሥልጣን ሚስቶች ባሉበት፣ «ይኼን ከየት አመጣሽው?» የምባለው እኔ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኋት ቀን ናት። በፋራህም ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ የኔን ቀን ሊወስድብኝ የመጣ መሰለኝ።

«አይችሉትም» አልኩ። «ገና መተኛታቸው ነው። ደንገጎ ላይ እንደገና ከተናጡ አንዱም አይጠጣም፤ ይፈነዳሉ።»

በዚያው ደንገጎ በኩል ከሁለት ቀን በፊት እንዳመጣኋቸው ተሾመ ያውቃል። እኔ ያልኩትን ግን አመነ፤ የጠርሙስ ነገር የጽጌ ነው። «በቃ፣ እዚሁ ነው» አለ። ፊቱ ፈታ አለ። «ለብርቄ እንዳትነግሪያት። ስትጨነቅ ድግሱ ይበላሻል።»

ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ሰው ገባ። ብርቄ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በዚያ ውፍረቷ እንደ ወጣት ትሽከረከራለች። ተሾመ ቡኒ ሱሪውን ጥሎ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሁላችንም ሳቅንበት። ከተጋበዙት የከተማው ሰዎች ብዙዎቹ አልመጡም። ከሰገነቱ ወደ ታች ሳይ መንገዱ ባዶ ነው፤ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ባዶ። ፋራህ ሁለት ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሌላ ጊዜ ካርቶን ነበር የሚያመጣው። ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«አልሄዳችሁም» አለኝ።

«ጠርሙሶቹ መንገዱን አይችሉም» አልኩት።

ዓይኔን አየኝ። ከአይሻ ስመለስ መኪናውን ያገኘልኝ እሱ ነበር፤ በየት እንደመጡ ያውቃል። ወደ ላይ ወጣ።

ጠርሙሶቹ ታች መጋዘን ውስጥ፣ በረዶ በተሞላ በርሜል ውስጥ ነበሩ። «በሉ ልመርቀው፣ ላምጣቸው» ብሎ ተሾመ ወረደ። እኛ ብርጭቆ ደረደርን። ፋራህ ጠርሙሱን ከጋዜጣው አውጥቶ፣ ሽቦውን ፈትቶ፣ አውራ ጣቱን ቡሹ ላይ አድርጎ ተዘጋጀ። ያን ጊዜ ከታች ጧ አለ። ቀጠለና ጧ፣ ጧ። «ውይ ተሼ! ጥሎን ከፈተው!» አለች ብርቄ፤ እልል አለች። ሁላችንም እልል አልን። አጨበጨብን። እኔ «አረፋውን እንዳታፈሰው!» ብዬ ወደ ደረጃው ጮህኩ፤ ይህን ብዬ ነው የጮህኩት። ከዚያ ፋራህን አየሁት። እጁ ላይ ያለውን ያልተከፈተ ጠርሙስ እያየ ነው። ፊቱ አመድ ሆኗል። በሳሎኑ ውስጥ ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነበር፤ ተሾመ ያለ እሱ አይከፍትማ።

የሚቀጥለውን ባጭሩ ልለፈው። ተሾመን የጣለው ከመንገድ የመጣ ጥይት ነው አሉ፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፋራህ በጓሮው አጥር አሻግሮ ብርቄን፣ ልጆቹንና እኔን ቤቱ አስገባን። ሚስቱ የራሷን ልብስ አለበሰችን። ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ፣ ለልጆቹ ብስኩት ተቀምጦ ነበር። አራት ቀን እዚያ ተቀመጥን። ከውጭ ጢስ ይሸታል። ተሾመን ከደረጃው ሥር ያነሣው፣ በጋቢ የጠቀለለው፣ ቀባሪ ፈልጎ ያስቀበረው ፋራህ ነው። በአምስተኛው ቀን መኪና አግኝቶ ሐረር ሰደደን። ልሳፈር ስል ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ፤ በርሜሉን ሰዎች አንከባልለው አስፋልቱን አሻግረውት፣ ከጎርፍ መውረጃው ውስጥ አግኝቶታል። «አሥራ ሁለቱም አሉ፤ አንዱም አልተሰበረም» አለኝ። ለምን እንደነገረኝ አልጠየቅሁትም።

ያ ነገር ከሆነ ወዲህ ብርቄን አላገኘኋትም ነበር። ሐዋሳ ልጇ ጋ ናት ሲሉ ነበር የምሰማው። ከፋራህ ጋር ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ እንደዋወላለን። ስለዚያ ቀን አያነሣም፤ እኔም አላነሣም።

የእህቴ ልጅ ቀለበት ያሰረ ዕለት፣ በአሥር ሰዓት ገደማ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት አየሁ። ለካ ሰላም የብርቄ የእህት ልጅ ኖራለች። ከስታለች፤ ያ ሁሉ ውፍረት የት እንደሄደ። ተቃቅፈን አለቀስን። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ስለ ልጆቹ ነገረችኝ፣ ስለ ስኳሯ ነገረችኝ። ቀጥላ፣ እኔ እንደፈራሁት፣ እሱን አነሣችው።

«ያ ፋራህ አለ?»

«አለ።»

«እንጀራችንን የበላ ሰው» አለች። «ያውቅ ነበር እኮ ጽጌ። ፍራሹን አንጥፎ፣ ውሃውን ሞልቶ ነው የጠበቀን። እኛን ማዳኑን አልክድም። ግን አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ቢናገር ተሾመ ዛሬ ነበረ። ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ዝም ብሎ ቆመ። ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያን ሰው ይቅር አልልም። ስንት ጊዜ ደወለ፣ አንሥቼለት አላውቅም።»

በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ስትል ሰው እየነገረኝ ዝም ብያለሁ። ፋራህ «ስሜን አትጥሪ» ብሎኛል እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። እሱ «ስሜን ለማንም አትጥሪ» ያለው ለዚያ ሳምንት ነበር። እሱ ግን የኔን ስም እስከ ዛሬ አልጠራም። ሰላም ትሪ ይዛ መጣች፤ ጠርሙሱን ከነብርጭቆዎቹ ፊታችን አስቀመጠች፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዓይኔ የሄደበት፣ ከታች ጥግ የነበረው ነው። ልጅቷ አይታኝ ኖሯል። 

«ብርቄ፣ ፋራህ ተናግሯል» አልኳት። «ሐሙስ ዕለት ግሮሰሪዬ ገብቶ ነው የነገረኝ። ድሬዳዋ ሂዱ ብሏል፤ መኪናም አዳራሽም እኔ ብሏል። ለተሾመም ነግሬዋለሁ። ሊሄድ ነበር፤ ጠርሙሶቹ መንገዱን ይችሉታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይችሉም አልኩት። ብርቄ፣ ይችሉት ነበር።»

ለምን አይችሉም እንዳልኩ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ የምነግራት ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ዘረጋች።

«ደውይለትና ስልኩን ስጪኝ።»

ደወልኩ። የፋራህ ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ። «አባዮ ጽጌ! በጥር ደወልሽ? ምን ሆንሽ?»

ብርቄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ብርቄ ነኝ፣ የተሾመ» አለች። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ እያዳመጠች ወደ በረንዳው ወጣችና በሩን ዘጋች። ሳሎኑ መሐል ወጣቶቹ ጠርሙሱን ከፊቴ አንሥተው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጮኻሉ። በመስታወቱ በኩል ጀርባዋ ይታየኛል። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ቡሹ ወጣ፣ እልል ተባለ።

ብርቄ ወደ ሳሎኑ አልተመለሰችም፤ በውጭ በኩል ሄደች። ስልኬን የላከችልኝ በሰላም እጅ ነው፤ ስቀበላት ስልኩ ገና ትኩስ ነበር።